ጥቁሩ ይበልጣል

ፍሪጁ ስላልቀዘቀዘ ክትባቱ ሞተ፤ ክትባቱ ስለሞተ ልጆቹ ሞቱ። ዓለምእሸት ነገሩን የምታስበው በዚህ ቅደም ተከተል ነበር፤ አጭርና ግልጽ። ፍሪጁ ለምን እንዳልቀዘቀዘ ግን፣ በየካቲት አቧራ የበቅሎ አከራዩን የአለሜን በቅሎ ተከራይታ ከላሊበላ ወደ ቀጭን አምባ ስትወጣ፣ ገና አላወቀችም። ያወቀች መስሏት ነበር። ደባሱ አጥፍቷል ብላ ነበር። የባትሪውን ውሃ ሳይጨምር ቀርቷል፤ ወይም ሽቦውን አላጠበቀም፤ ብቻ የሆነ ነገር።

ደባሱ የቀጭን አምባ ጤና ረዳት ነው። እጮኛዋም ነው። በኅዳር ሽማግሌ ልኮ፣ አባቷም ጥቂት ከተግደረደሩ በኋላ እሺ ብለው፣ ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል። የአውራጃው ጓድ ይህን ያውቃል። ትናንት ላሊበላ ቢሮው ውስጥ አስቀምጧት፣ "ጓድ ዓለምእሸት፣ አንቺ የፀሐይ ኃይል ባለሙያ ነሽ። ወጥተሽ እዪና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ንገሪን። አሻጥር ከሆነ አሻጥር ነው" ሲላት ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር። አሻጥር በዚያ ዘመን ሰውን ከቤቱ ወስዶ የማይመልስ ቃል ነው።

"ያየሁትን እናገራለሁ" ብላው ወጣች። ለምትወደው ሰው ብላ የምትዋሽ ሴት አለመሆኗን መንገዱን ሁሉ ለራሷ ስትነግር መጣች። ትንሽ ኮርታበትም ነበር።

ከደባሱ ጋር የተዋወቁትም በፍሪጅ ምክንያት ነው፤ በአሮጌው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የጤና ጣቢያውን የክትባት ክፍል ለማየት ስትገባ፣ አንድ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቷት፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ የኬሮሲን ፍሪጁን ክር ያስተካክላል። ዞር ሳይል፣

"በሩን!" አላት።

"ምን?"

"በሩን ዝጊው እንጂ፣ እመቤቴ! ይቺን ቅዝቃዜ በስንት መከራ ነው ያጠራቀምኳት። ልታስወጪብኝ ነው?"

"ፍሪጁ እኮ የራሱ በር አለው።"

"የሱን በር አላምነውም" አለና ዞረ። ጉንጩ ጥቀርሻ ነክቶታል። ዓለምእሸት በሩን ልትዘጋ ስትስብ አልዘጋ አላት። ማጠፊያው ስለረገበ ወለሉን ይነካል። ደባሱ ተነሥቶ መጣና፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ስቦ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ እስኪል ድረስ አስገባው። እንዲህ ነው የሚዘጋው አላት። ከዚያ በኋላ በወጣ በገባ ቁጥር እንዲሁ ሲያደርግ አየችው። ስትወደው መጀመሪያ የወደደችለት ይህንን ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ኬሮሲን ከደሴ ይመጣል ይባላል፤ አይመጣም። ፀሐይ ግን ላስታ ላይ ማንም ሳይፈርምላት ትመጣለች። መሥሪያ ቤቷ ለወረዳዎቹ ጤና ጣቢያዎች በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ ለመትከል ሲወስን፣ ለዓለምእሸት የቀረላት መምረጥ ብቻ ነበር። የቀረቡላት የፀሐይ ሰሌዳዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሰማያዊ ነው፤ ከጠጣር ክሪስታል እንደ ዳቦ እየተሸነሸነ በመስታወት ሥር የተደረደረ፤ የቆየ፣ የታወቀ፣ ውድ። ሌላው ጥቁር ነው፤ መስታወቱ ላይ እንደ ቀለም ስስ ተደርጎ የተቀባ፤ አዲስ፣ ርካሽ፣ ሠሪዎቹ በደመናም በጉምም ይሠራል የሚሉለት። ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የላስታን ብርድና ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደውን ጉም ደግሞ አንዳቸውም አያውቁትም። ስለዚህ ግንቦት ላይ ከሁለቱም አንዳንድ፣ ልካቸው እኩል የሆነ፣ ይዛ መጣችና በጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን አሰረቻቸው። እዚያው አገሩ ላይ ተለክቶ የበለጠው ይመረጣል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። እስከ ዛሬም ትክክል ነው።

የዚያን ቀን ሰዉ ሁሉ ለማየት ወጥቶ ነበር። የደባሱ እኅት ይማርሽ፣ ልጇን ሸጌን አዝላ፣ ከፊት ቆማለች።

"እና ፀሐይ ልትሸጪልን ነው የመጣሽው?" አለቻት። "እኛ እኮ በነጻ ነው የምናገኛት።"

"አልሸጥም። ለደባሱ ፍሪጅ ነው።"

"ለደባሱማ ነው! እሱንማ አይተናል።"

ሰው ሳቀ። ደባሱ ወሬውን ለማስቀየር ይመስላል፣ ጣሪያው ላይ እንደተቀመጠ፣ "በጨረቃስ ይሠራል?" ብሎ ጠየቀ።

ዓለምእሸት ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ረጅም ነበር። "በጨረቃ! እሱንማ ደብተራ ጠይቅ እንጂ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አለች። ሰዉም አብሯት ሳቀ። ደባሱም ሳቀና አንገቱን ደፍቶ ሽቦውን ማጥበቅ ቀጠለ።

የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆንና አውሮፕላኑ ይቀራል። ዓለምእሸት የመጨረሻውን አውሮፕላን ልትሳፈር ስትወርድ ደባሱ ሸኛት። ዘግይተው ነበር የደረሱት። ሞተሩ ተነሥቷል፤ አለሜ በቅሎዎቹ ደንብረውበት ይሳደባል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አጠቃቀም አስቀድማ አሳይታዋለች። የቀረው መቼ እንደሚለካ ነበር። የእንግሊዝኛውን መመሪያ ከቦርሳዋ መዝዛ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ በጩኸቱ መሀል ጮኸችበት።

"በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ! ሁለቱንም! ክረምቱ ሲያጋምስ የትኛው እንደሚበልጥ ደውልልኝ!"

"አሥራ ሁለት ሰዓት?"

"አሥራ ሁለት አልኩህ እኮ! ሰዓት ማየት ላስተምርህ እንዴ?"

እጁን አውለበለበላት። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ልቧ ሞልቶ ነበር። በመስኮት ስታየው፣ መለኪያውን አቧራ እንዳይነካው በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደወለላት። በዝናብ በጭቃ ላሊበላ ድረስ ወርዶ፣ ወረፋ ጠብቆ። ስልኩ ይንጣጣል።

"ጥቁሩ ይበልጣል!" አላት።

"በብዙ?"

"በብዙ! ስሚ፣ ዓለምእሸት፣ አንድ ነገር..."

"አይሰማኝም! ጎበዝ! በቃ ይሄን ነበር የፈለግሁት!" ብላ ዘጋችው።

አለቃዋ ገብረመስቀል ጠርጣራ ሰው ነው። "ጥቅምት ላይ አውሮፕላን ሲጀምር ራስሽ ወጥተሽ በበጋ ፀሐይ እዪውና እንዘዝ" አላት።

"ልጆቹስ እስከ ጥቅምት ይጠብቃሉ?" አለችው።

ገብረመስቀል ፈረመ። ዓለምእሸት በዚያች አነጋገሯ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

መኸር ሳይገባ ጥቁሮቹ ሰሌዳዎች ከደሴ በበቅሎ መጥተው በደባሱ እጅ ቀጭን አምባ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ አዲሱ ፍሪጅም ያለ ጭስ መንጎራጎር ጀመረ። ክትባቱ መጣ። እናቶች ግን መርፌውን ፈሩ። ደባሱ ያን ጊዜ ሸጌን ከይማርሽ እቅፍ ወስዶ በሕዝብ ፊት ከሁሉም በፊት እሷን ወጋት። ሸጌ ሦስት ዓመቷ ነበር። አለቀሰች፤ ከዚያ ስኳር ሰጣት፤ ከዚያ ዝም አለች። እናቶቹ ተሰለፉ።

ጥር ላይ ኩፍኝ ገባ። የተከተቡትንም ያልተከተቡትንም እኩል ወሰደ።

ዓለምእሸት ቀጭን አምባ ስትደርስ በቀጥታ የሄደችው ለቅሶ ልትደርስ ይማርሽ ቤት ነው። ይማርሽ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ያቺ በሰው ፊት የምትቀልድባት ሴት አልመስል አለቻት። ልታጽናናት አንድ ሁለት ቃል ጀመረችና ተወችው። ቃል አታውቅበትም።

"ኩፍኝ ፀሐይ አይወድም ብለን በሩን በጋቢ ጋርደን ሸጌን አስተኛናት" አለች ይማርሽ። "እሷ ግን ክፈቱልኝ አለች። ጨለመብኝ፣ እማ፣ ክፈችልኝ አለች። አልከፈትኩላትም።"

ዓለምእሸት መሬት መሬቱን አየች።

"አንቺማ ምን ታደርጊ። ያን መስታወት ከአዲስ አበባ ድረስ አምጥተሽ ሰጠሽን። ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ። ደባሱንም አደራ አትቆጪብኝ። ክረምቱን ሙሉ ወፍ ሳይንጫጫ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ያንቺን ነገር ሊለካ። እጁ በብርድ ደርቆ ሲመጣ ውሃ አሞቅለት ነበር።"

ዓለምእሸት ይህን ሰማች፤ ግን ደባሱ ላይ ተናዳ ስለነበረ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ደባሱን የክትባት ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ከስቷል። "እንኳን ደህና መጣሽ" አላት እንጂ እንደ ወትሮው "በሩን!" አላላትም፤ እሷም ከኋላዋ ክፍቱን ትታው እንደገባች ያወቀችው ቆይታ ነው። ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ፍሪጁ ውስጥ አሳደረችው። በማግሥቱ አወጣችው። ሌሊቱን ፍሪጁ እንደ ክፍሉ ሞቆ ነበር ያደረው።

"ቀን ቀን ስከፍተው ሁልጊዜ ደህና ነው" አለ ደባሱ። "ሙቀቱን ሳላይ ከፍቼ አላውቅም።"

"ቀን ቀን ፀሐይ አለ። ሌሊት ባትሪው ያልቅበታል። ሰሌዳው አይሞላውማ።"

"ለምን አይሞላውም?"

ይህን ነበር ያልገባት። ባትሪው ውሃው ሙሉ ነው፤ ሽቦው ጠብቋል፤ ሰሌዳዎቹ ከዓይን ብሌን ይልቅ ንጹሕ ናቸው። አጥፍቷል የምትልበት አንድ ነገር ጠፋት። እኩለ ቀን ሲሆን ጣሪያው ላይ ወጣች። ለፈተና ያመጣችው ያ ሰማያዊ ሰሌዳ ይማርሽ ጓሮ በርበሬ ይሰጣበታል። አስመጣችው፤ በርበሬውን አራገፈችና ከጥቁሩ ጎን አድርጋ ለካች። ደግማ ለካች። ሰማያዊው የጥቁሩን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከጣሪያው ወረደች። ክፍሉ ገባችና መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አልለካህም" አለችው።

"ምን?"

"ክረምቱን። አንድም ቀን አልለካህም። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው ብለህ ቤትህ ተኝተህ፣ ደስ እንዲለኝ አንዱን መርጠህ ደወልክልኝ። ጥቁሩ ይበልጣል! በብዙ!"

ደባሱ ዞሮ አያት። "እኔ?" አለ። "አንድ ቀን አልዘለልኩም። የኪዳነ ምሕረት ዕለት እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ለክቻለሁ። ጥቁሩ ይበልጥ ነበር። ሰማያዊው ላይማ መርፌዋ የምትነቃነቀው በግድ ነው።"

"በእኩለ ቀን? እንዴት አድርጎ? አሁን ለክቼው መጣሁ እኮ!"

"በእኩለ ቀን ማን አለሽ?"

"ታዲያ መቼ ነው የለካኸው?"

"ባልሽኝ ሰዓት ነዋ። አሥራ ሁለት ሰዓት አላልሽኝም? ጠዋት ይሁን ማታ ስላልነገርሽኝ ሁለቱንም። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት።"

ዓለምእሸት የምትቀመጥበት ፈለገች፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ በርጩማ የክትባት ሳጥኑ ተቀምጦበታል። ቆማ ቀረች። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ሳለች ያለውን ብርሃን አየችው፤ ቀዝቃዛና ሰማያዊ፣ ጥላ የማይጥል። ጥቁሩ ሰሌዳ ለዚያ ብርሃን የተሠራ ነው። በዚያ ብርሃን ቢለካ በብዙ ይበልጣል። ደባሱ የለካው ትክክል ነው። ያንጠባጠበው አንዳች ነገር የለም።

አባቷ ቤተ ጊዮርጊስ መውረጃ ላይ መስቀል ይሸጡ ነበር። ልጅ ሳለች ቱሪስቶቹ ሰዓት ሲጠይቋቸው የምትመልሰው እሷ ነበረች። የእኛ ስድስት የእናንተ አሥራ ሁለት ነው፤ ይህን ከፊደል ቀድማ ነው የለየችው። አባቷ በኩራት ራሷን ይደባብሷት ነበር።

"ስድስት ሰዓት ማለቴ ነበር" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው ያነበብኩልህ። የፈረንጁን አሥራ ሁለት። እኩለ ቀንን።"

ውጭ አለሜ በቅሎውን ውሃ ሲያጠጣ ያፏጫል።

"አንቺ እኮ የዚህ አገር ልጅ ነሽ" አለ ደባሱ። ቁጣ አልነበረውም። እውነቱን ሊያጣራ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

"ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"ጠየቅሁሽ። አውሮፕላኑ ሥር።"

"ደግመህስ? ፀሐይ ሳትወጣ ፀሐይ የሚለካ ሰው የት አለ? እንዴት ግር አላለህም?"

"ግር ብሎኛል እንጂ። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ በየጠዋቱ ግር ይለኝ ነበር። ላሊበላ ወርጄ ስደውልልሽም አፌ ላይ ነበረች፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ። ስልኩ አልሰማ ሲልሽ ደግሞ የጨረቃው ሳቅሽ ትዝ አለኝና ተውኩት። ዩኒቨርስቲ የተማርሽው ነገር ይሆናል አልኩ።"

ከዚያ እንደ ልማዷ በፍጥነት መናገር ጀመረች፤ ዛሬውኑ እወርዳለሁ፤ ለጓዱ ጥፋቱ የእኔ ነው እለዋለሁ፤ አንተን የሚነካህ የለም፤ ሰማያዊዎቹን አዲስ አበባ ገብቼ በሳምንት ውስጥ አሳዝዛለሁ፤ ባትሪውም እስከዚያ ድረስ...

"እሱን አትንገሪኝ" አላት። "ጓዱን አልፈራሁትም። የምትይውን በይው። ይማርሽ ጓድ አይደለችም። ሸጌን የወጋኋት እኔ ነኝ፤ ከእቅፏ ወስጄ። አሁን ኩፍኝ አይነካትም ብዬ የማልኩላት እኔ ነኝ። የሌሎቹም እናቶች ያመኑት እኔን እንጂ ያንቺን መስታወት አይደለም።"

"ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔን ለይማርሽ እነግራታለሁ። ራሴ።"

"ምን ብለሽ? ሰዓት ተሳስቼ ብለሽ?"



ደባሱ ጋቢውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ዱላውን አነሣ። ፍሪጁን ከፈተው፤ የቀሩትን ብልቃጦች አንድ በአንድ አውጥቶ ባልዲ ውስጥ ጨመረ፤ ባዶውን ፍሪጅ እንደተከፈተ ተወው። ሲንጎራጎር ይሰማል።

"የት ልትሄድ ነው?"

"የወጋኋቸው ቤት። ኩፍኝ ያልያዛቸው ገና ብዙ አሉ፤ እናቶቻቸው ተከትበዋል ብለው ከታመመ ልጅ ጋር ያጫውቷቸዋል። ቤት ለቤት ዞሬ አልተከተቡም ልላቸው ነው።"

"አብሬህ ልምጣ።"

"አይሆንም።"

"ደባሱ።" ከዚያ በኋላ የምትለው ብዙ ነበር፤ የመጣላት ግን አንድ ብቻ ነው። "ሠርጉስ?"

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ፊቷን አላየም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መለኪያ ነበር የሚያየው፣ ክረምቱን ሙሉ በጋቢው ውስጥ አቅፎት የከረመውን።

"ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ" አለ።

ወጣ። ከዚያ ከውጭ፣ በለመደው እጁ፣ በሩን ከወለሉ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ይመስል ቀስ ብሎ ሳበው፤ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።